አባባ ደሴን ከአዳራሽ ያስወጡበት ዓመት

ባለፈው ሐሙስ የሰፈራችን ማትናስ ውስጥ ኮንሰርት ነበር። ማትናስ የምንለው ሽኩና ቫቭ የሚባለው ሰፈራችን መሃል ያለውን፣ ሕፃናት ሙዚቃ የሚማሩበትን፣ ሽማግሌዎች የሚሰበሰቡበትን፣ ሁሉም ነገር የሚደረግበትን ቤት ነው። ከቤታችን በእግር አራት ደቂቃ ነው። እዚያ አዳራሽ ውስጥ ከተቀመጥኩ ግን ሰባት ዓመት ሆኖኝ ነበር። ጓደኛዬ ጎትታ ባትወስደኝ አሁንም አልሄድም።

ኮንሰርቱ ጉድ ነበር። አንዱ ማንዶሊኑን ከኤሌክትሪክ ጋር አያይዞ እንደ ሮክ ጊታር ያስጮኸዋል። አንዷ ቼሎዋን አስተኝታ እንደ ከበሮ በመዳፏ ትመታዋለች። ደግሞ ማንዶሊኑ የዓረብ ዜማ ሲጀምር ዑድ የያዘው ሰውዬ በጃዝ መለሰለት፣ ማንዶሊኑ አልሸነፍም አለ፣ ዑዱም አልሸነፍም አለ፤ እኔ ከወንበሬ ተነስቼ እንደ እብድ ጮኽኩ። ደስ ሲለኝ እንደዚያ ነኝ።

ከዚያ ዳይሬክተሩ ማይክ ይዞ ወጣ። ፀጉሩ ሸበተ እንጂ ያው የያኔው ሰውዬ ነው፤ ከዖሜር፣ ከሀብታሞቹ ሰፈር፣ በነጭ መኪናው የሚመጣው።

«እዚህ ዝም ብሎ መቀመጥ ክልክል ነው!» አለ። «ተነሱ! ጩኹ! ለተጫዋቾቹ መልሱላቸው! የዛሬ ሙዚቃ ግማሹ የተመልካቹ ነው!»

ሕዝቡ አጨበጨበ። እኔ ተቀመጥኩ። የወንበሩ ጨርቅ አቧራና የወለሉ የሎሚ ሳሙና ሽታ ባንዴ አፍንጫዬ ውስጥ ገባ። ሰባት ዓመት ያልተቀየረ ሽታ። ተናደድኩ፤ እስከ አሁን አልበረደልኝም። የአማርኛ ፊደል አጣርቼ መጻፍ የቻልኩት ዘንድሮ ነው። እንግዲህ አሁን ማን ያስቆመኛል፣ እጽፈዋለሁ።

አሥር ዓመቴ ነበር፤ አምስተኛ ክፍል። ማትናሱ ለእኛ ለሰፈሩ ልጆች ማንዶሊን ያውሰን ነበር። ያውሰን ነበር ነው ያልኩት፤ አልሰጠንም። ሕጉ ግልጽ ነው፦ ዓመቱን ሙሉ ትማራለህ፣ በሰኔ ኮንሰርት መድረክ ላይ ወጥተህ በሦስት ዳኞች ፊት ትጫወታለህ። ካለፍክ የከተማው የልጆች ኦርኬስትራ ውስጥ ትገባለህ፤ ማንዶሊኑም ካንተ ጋር ይቀራል። ከወደቅክ ማንዶሊኑን እዚያው መድረኩ ጀርባ ታስረክባለህ።

የኔ ማንዶሊን ሆዱ እንደ ግማሽ ሐብሐብ ነበር። ሳጥኑ ሲከፈት አሮጌ እንጨትና የሰው ላብ ይሸታል። ክሮቹ ቀጫጭን ብረት ስለሆኑ ጣቴ ጫፍ ላይ ሁለት ሁለት መስመር ያትማሉ። ክፍል ውስጥ መስመሮቹን በአውራ ጣቴ እየዳበስኩ ሒሳብ አልሰማም ነበር። ከእናቴ ቀጥሎ የምወደው ነገር እሱ ነበር፤ አንዳንድ ቀን ከእናቴም በፊት።

ያስተማረችን ሞራ ጋሊና ትባላለች። ሞራ በዕብራይስጥ መምህርት ማለት ነው። ከሩሲያ የመጣች፣ ፀጉሯን እንደ ዳቦ ጠቅልላ የምታስር፣ ስትስቅ ያላየኋት ሴት ናት። «ሞሪያ፣ አንገት! ሞሪያ፣ ክንድ!» ትላለች። ሞሪያ እኔ ነኝ።

አሁን ወደ አባባ ደሴ ልምጣ።

አባባ ደሴ እኛ ሕንጻ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። ከጎንደር ከመጡ ሁለት ዓመት አልሞላቸውም። ጠዋት ጠዋት ዩኒቨርሲቲው ግቢ ይጠርጋሉ፤ ከሰዓት በኋላ ቤታቸው ናቸው። እናቴ እሮብ እሮብ ፖስታቸውን እንዳነብላቸው አዝዛኝ ነበር። ዕብራይስጡን በዓይኔ እያነበብኩ በአፌ አማርኛ እናገራለሁ፤ የማላውቀውን ቃል እዘለዋለሁ።

«ምን ይላል፣ ልጀ?»

«ማክሰኞ ሐኪም ጋ ይምጡ ይላል።»

«ይኸ ሁሉ ጽሕፈት ለዚች ነው? አገራችን ቢሆን አንድ ልጅ ይልኩብኝ ነበር።»

«እኔ ነኛ የተላክሁት አባባ!»

ይስቁና ካራሜላ ይሰጡኛል።

አንድ እሮብ ከሙዚቃ ትምህርት በቀጥታ ማንዶሊኑን ይዤ ወጣሁ። አባባ ደብዳቤውን ረሱት። ሳጥኑን አስከፈቱኝና «ይኸ ሆዳም ምንድን ነው?» አሉ። ክሮቹን በጣታቸው ቆጠሩ።

«ስምንት! ምን ሊሠሩ ነው እንዲህ የተሰለፉ?»

«ሁለት ሁለት ናቸው፤ ጥንዶቹ አንድ ዓይነት ድምፅ ነው ያላቸው።»

«አንድ ዓይነት ከሆኑ ሁለተኛው ምን ያደርጋል?»

«ያግዘዋል።»

«እ። ደካሞች ናቸዋ!»

ከዚያ ወንበር ላይ ወጡና ከቁም ሣጥኑ አናት በአበባ ትራስ ልብስ የተጠቀለለ ነገር አወረዱ። ማሲንቆ ነበር። በሕይወቴ ያየሁት የመጀመሪያው ማሲንቆ። አንድ ክር ብቻ ነው ያለው።

እዚህ ላይ የሠራሁትን ስሕተት ልንገራችሁ። እናቴ ከአገር ስለመጡበት ጉዞ ስታወራ «ስንቱ ነገር አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ቀረ!» ትል ነበር። ስለዚህ የአባባን ሰባት ክር አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ፈታተው ወስደውባቸዋል ብዬ ደመደምኩ። ሌሊቱን ሙሉ ተናደድኩ፤ እውነቴን ነው፣ ለመናደድ ተሰጥኦ አለኝ። በሚቀጥለው ሳምንት ሞራ ጋሊና ቀይራ ከጣለቻቸው አሮጌ ክሮች ሰባቱን መርጬ በፖስታ አድርጌ ወሰድኩላቸው።

«ይኸው አባባ። የወሰዱብዎት።»

አባባ ፖስታውን ከፍተው ክሮቹን ቆጠሩ። ከዚያ ግድግዳውን ይዘው ሳቁ፣ ዓይናቸው እስኪያነባ።

«ማንም አልወሰደብኝ፣ ልጀ። ለዚች ለአንዷም ዕድሜየ አልበቃኝ።»

ተጫወቱልኝ። ያች አንድ የፈረስ ጭራ ትለቃቀሳለች፣ ትሳደባለች፣ ታሽሟጥጣለች፤ የኔ ስምንቱ ተሰብስበው የማይችሉትን። እኔ በማንዶሊኑ ልከተላቸው ሞከርኩ። መጀመሪያ አስቀያሚ ነበር። ከዚያ ሞራ ጋሊና ያስተማረችኝን መንቀጥቀጥ፣ ማለት ክሩን በመምቻዋ ቶሎ ቶሎ መመላለስ፣ በእሳቸው ዜማ ስር ሳስገባው አባባ ቀስቱን አቆሙ። «እንዴ! ይኸ ሆዳም ማልቀስ ይችላል ለካ!» አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እሮብ የደብዳቤ ቀን መሆኑ ቀረ።

«ለእናትሽ ግን አትንገሪ» አሉኝ።

«ለምን?»

«እናትሽ የትልቅ ሰው ልጅ ናት።»

አልገባኝም። ማሲንቆ ፈቃድ የሚያስፈልገው፣ ፖሊስ የሚይዘው ነገር መስሎኝ ነበር። የገባኝ አንድ ቀን ድምፁ በመስኮት ወደ እኛ ኩሽና ሲወርድ ነው።

«ምንድን ነው ያ የሚገዘግዘው?» አለች እናቴ።

«ሬዲዮ ይሆናል።»

«አዝማሪ ሕንጻችን ውስጥ ገባ እንዴ? ጉድ ፈላ! አባቴ አዝማሪ ከደጁ አያስቆምም ነበር።»

እናቴ ሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ነው የምትሠራው፤ ጀርባዋን እያመማት የሌላውን ሰው አንሶላ ስታጥፍ የምትውል ሴት ናት። እወዳታለሁ። ግን ይኸንን አልዋጥኩላትም። እኔ ክር ስነካ ለሥራ ባልደረቦቿ ሁሉ «ልጄ ማንዶሊን ትማራለች፣ ኩልቱራ!» ትላለች፤ ሥልጣኔ ማለቷ ነው። እሳቸው ክር ሲነኩ ነውር። ክር ክር ነው እኮ! የፈረስ ጭራ ምን አጠፋ?

የፋሲካ ዕረፍት ጊዜ የማሲንቆው ክር ሳሳ። አባባ ሐሙስ ዕለት ወደ በደዊኖቹ፣ ወደ በረሃዎቹ ዓረቦች፣ ገበያ ይዘውኝ ሄዱ። ለእናቴ «ሽንኩርት ልንገዛ ነው» አልናት። እኔ ማንዶሊኑን በትምህርት ቤት ቦርሳዬ ይዣለሁ፤ አንገቱ በዚፑ በኩል ወጥቷል። አቧራው፣ የፍየል ሽታው፣ የፕላስቲክ ጫማ ተራራው። እዚያ ምንጣፍ የሚሸጡ አቡ ሳሊም የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ፤ ዘመዳቸው ፈረስ ስለሚያረባ ጭራውን የምንገዛው ከእሳቸው ነው። ከጀርባቸው፣ ምንጣፎቹ መሃል፣ ምን ተሰቅሏል? ባለ አንድ ክር! ራባባ ይሉታል። ቆዳ የተወጠረበት፣ በቀስት የሚመታ፣ የማሲንቆ ወንድም። እኔ አቡ ሳሊም የአባባ ዘመድ ናቸው፣ ደብቀውኝ ነው ብዬ አመንኩ።

የሚግባቡበት ቋንቋ አልነበራቸውም። እኔ በዕብራይስጥ ላስተረጉም ስል አባባ በእጃቸው ከለከሉኝና ማሲንቆውን ከትራስ ልብሱ አወጡ። አቡ ሳሊም ራባባውን አወረዱ። አንዱ ሲጠይቅ አንዱ ሲመልስ፣ አንዱ ሲወጣ አንዱ ሲወርድ፣ እኔ ከመሃል በስምንት ክሬ ስንቀጠቀጥ፣ ገበያተኛው ከበበን። አቡ ሳሊም ጥሩ ነገር በሰሙ ቁጥር «አላህ!» ብለው ይጮኻሉ። አንዲት ሴትዮ እልልታ አቀለጠችው። በዚህ መሃል የከተማው ተቆጣጣሪ ዩኒፎርሙን ለብሶ ሲያልፍ አየሁና ዘልዬ ማሲንቆው ፊት ቀሚሴን ዘርግቼ ቆምኩ።

«ምን ሆንሽ?» አሉ አባባ።

«እንዳይወስድብዎት!»

ተቆጣጣሪው ቆሞ ሁለት ዜማ ሰምቶ፣ አጨብጭቦ ሄደ።

ያን ቀን ነው ወጉን ያስተማሩኝ። ማሲንቆ ሲመታ ከተቀመጠው ሰው አንዱ «ተቀበል!» ይልና ሁለት ስንኝ ይሰጣል፤ ተጫዋቹ ያንኑ ተቀብሎ በዜማ ይዘፍነዋል። ከዚያ ሌላው ይሰጣል።

«ግጥም የሚሰጠው ያጣ ተጫዋች ወገን የለውም ማለት ነው» አሉኝ፣ አዲሱን የፈረስ ጭራ ጣታቸው ላይ እየጠቀለሉ። «ግጥም ተሰጥቶት ዝም ያለ ደግሞ ሰጭውን በጥፊ መምታቱ ነው።»

አንገቴን ነቀነቅሁ። ካራሜላዬን እየበላሁ ነበር።

ሰኔ መጣ። ሞራ ጋሊና አንድ የጣሊያን ዜማ ሰጠችኝ፣ ፈጣን፣ እንደ መሰላል የሚወጣ የሚወርድ። አንዳንድ ቦታ ላይ የአባባን መለቃቀስ ሳስገባበት ጆሮዋን ዘንበል አድርጋ ትሰማለች። «ቆንጆ ነው» አለችኝ አንድ ጊዜ። «በኮንሰርቱ ቀን ግን እንዳትሞክሪው። ዳኞቹ ወረቀቱን ነው የሚከተሉት።»

አባባን እኔ ነኝ የጠራኋቸው። ግራጫ ኮታቸውን ለብሰው፣ ፂማቸውን ተላጭተው፣ ከሁሉም ቀድመው ደረሱ። አገራቸው ሰርግ ላይ ሽማግሌ ፊት ነው የሚቀመጠው፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ረድፍ ላይ፣ ለእንግዶች ተብሎ ወረቀት ከተለጠፈባቸው ወንበሮች በአንዱ ተቀመጡ። እናቴ አራተኛው ረድፍ ላይ ነበረች። ከመጋረጃው ጀርባ ሁለቱንም አያቸዋለሁ።

ከኔ በፊት ስድስት ልጆች ተጫወቱ። አዳራሹ ጸጥ ብሏል፤ ኮንሰርት ነው፣ ማንም አይተነፍስም። አባባ ግን አያውቁም። በየልጁ መሃል ዞር ዞር ይላሉ፣ ፊታቸው እየጨለመ። ድምፃቸው መጋረጃው ድረስ መጣ፦ «ምነው ሰው ዝም አለ? እነዚህ ልጆች ምን አጠፉ?» የሆነ ሰው «ሼኬት!» አላቸው፤ ዝም በል ማለት ነው። አሁን ሳስበው ይገባኛል። የሚያዩት ወገን ያጡ ልጆች ነበር። ስድስት ልጅ አንድ በአንድ ወጥቶ አንድም ሰው ስንኝ ሳይሰጠው ሲመለስ ነው ያዩት። ቀጥሎ እኔ ነኝ። እኔን ደግሞ ወገን የላትም ሊያስብሉ አይችሉም።

ወጣሁ። ተቀመጥኩ። መምቻዬን አነሳሁ።

አባባ ተነሱ።

«ተቀበይ፣ ልጀ!

ስምንት ክር ታቅፋ ልጀ ስትመጣ፣
ዝም ያለው አዳራሽ አንደበት አወጣ!»

ድምፃቸው ጣሪያው ላይ ደረሰ። ከዚያ ቀኝ እጃቸውን ወደ እኔ ዘርግተው፣ ፈገግ ብለው ጠበቁ። ግጥሙ የሚዘፈንበትን ዜማም ያውቁታል፣ አውቀዋለሁ፤ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ስንት ጊዜ ተጫውተነዋል።

ዳይሬክተሩ ከዳር ማይኩን አነሳ። «አዶኒ፣ ጌታዬ፣ ይህ ኮንሰርት ነው! የናንተ ሰርግ አይደለም!»

አዳራሹ ሳቀ። ስድስት ልጅ ሲጫወት ያልተነፈሰው አዳራሽ ለዚህ ሳቀ። የናንተ አለ። ያን ቃል በማይክ ነው ያለው፣ እናቶቻችንና አባቶቻችን በሞሉበት።

አባባ ዕብራይስጡ አልገባቸውም። እንደ እሮብ ወደ እኔ ዞሩ።

«ምን ይላል፣ ልጀ?»

የኔ ሥራ ያ ነበር። በዚያ አዳራሽ ውስጥ ያን ሥራ የተሰጠኝ እኔ ነበርኩ። እናቴን አየሁ፤ አንገቷን ደፍታ ቦርሳዋ ውስጥ የሆነ ነገር ትፈልጋለች። ቦርሳዋ ውስጥ ምንም አልነበረም፤ ቁልፉ እኔ ጋ ነው። ዳኞቹን አየሁ፤ እስክሪብቶ ይዘዋል። ማንዶሊኑን አየሁ፤ ጭኔ ላይ ነው። ዝም አልኩ።

ጥበቃው መጥቶ ክርናቸውን ያዘ። አባባ አስለቀቁት። የኮታቸውን ቁልፍ ቆለፉ፣ ሦስቱንም፣ ቀስ ብለው፣ ከዚያ በራሳቸው እግር ወጡ። በሩ ከኋላቸው ሲዘጋ የሰኔ ፀሐይ አንዴ አዳራሹ ውስጥ ገብታ ወጣች።

ሞራ ጋሊና ራሷን ነቀነቀችልኝ፦ ጀምሪ። ጀመርኩ። አንድም ስሕተት አልሠራሁም። ከሁሉም በላይ የሚያቃጥለኝ ይኸ ነው፤ አንድ እንኳን ጣት አልሳትኩም። እጄ ተንቀጥቅጦ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ለራሴ የምለው ነገር ይኖረኝ ነበር።

አለፍኩ።

ከመድረኩ ጀርባ ዳይሬክተሩ እጄን ጨበጠኝ። «ጎበዝ። ቀጣይ ጊዜ ግን ቤተሰቦችሽን እንዴት እንደሚቀመጥ አስተምሪያቸው፣ እሺ?» አለ።

«ቶዳ» አልኩት። አመሰግናለሁ! ለዚያ ነገር አመሰገንኩት! ሰባት ዓመት ሙሉ ያችን ቶዳ ከጆሮው፣ ከያለችበት ነጥቄ ልወስዳት ስፈልግ ኖሬያለሁ።

ሞራ ጋሊና ቀረበችኝ። የጠየቀችው እሷ ብቻ ናት፦ «ሽማግሌው ምን አሉ?»

«ምንም» አልኳት።

ወደ ቤት ስንሄድ እናቴ ቦርሳዋን ክንዷ ላይ አጥብቃ ያዘች። ከዚያ፣ «አሳፈሩን!» አለች።

«ማን?»

«ማን ይሆናል? ሰውየው ነዋ! እንደ አዝማሪ ተነስተው...»

«እማ፣ የናንተ ያለን እኮ ያ ከዖሜር የሚመጣው ነው። አንቺንም ነው ያለው። ለምን እሱ አላሳፈረንም?»

«ዝም በይ፤ መንገድ ላይ ነን» አለችኝ።

ቁልፉን ለእናቴ ሰጠኋት፤ የኛን በር ስትከፍት እኔ አልገባሁም። ማንዶሊኑን እንደያዝኩ ወደ ሦስተኛ ፎቅ ወጣሁ። አባባ ኮታቸውን አላወለቁም።

«አለፍሽ?»

«አለፍኩ።»

«እሰይ! እሰይ! ተመስገን!» ሁለቱንም ጉንጬን ሳሙኝ። ይቆጡኛል ብዬ ነበር የወጣሁት፤ እንዲቆጡኝ ነበር የፈለግኩት።

«አባባ፣ ሰውየው ያለው ምን መሰለዎት...»

«ተይው። ሳቅ አስተርጓሚ አይፈልግም።» ማንዶሊኑን አዩት። «አንች ግን ዝም አልሽኝ።»

«ማንዶሊኑን እንዳይወስዱብኝ ብዬ ነው።» ማልቀስ ጀመርኩ።

«ይሁን፣ ልጀ። እኔስ ይችን በትራስ ልብስ ሸፍኘ ቁም ሣጥን ላይ አይደል የማኖራት? ማን ማንን ይቆጣል?»

ይኸን ሲሉ ባሰብኝ። እሳቸው መደበቅ አልነበረባቸውም፤ እኔም ዝም ማለት አልነበረብኝም፤ ማንም ሰው አንድ ክር ስለያዘ ይቅርታ መጠየቅ የለበትም! ደረጃው ላይ ተቀመጥኩና ሳጥኑን ከፈትኩ። ከአዳራሹ ይልቅ ደረጃው ያስተጋባል፤ ድምፁ እስከ ምድር ቤት ወርዶ ተመልሶ ይመጣል። ክሮቹን መታኋቸው፣ አባባ ባስተማሩኝ ዜማ፣ መለቃቀሱንም አስገብቼ፤ ከዚያ አፌን ከፍቼ ዘፈንኩ፦ ስምንት ክር ታቅፋ ልጀ ስትመጣ። ድምፄ ቆንጆ አይደለም። አማርኛዬም ያን ጊዜ የሚያስቅ ነበር።

አራተኛ ፎቅ በር ተከፈተ። ሁለተኛ ፎቅ ደግሞ አንድ ሰው በሩሲያኛ የሆነ ነገር ተናገረ። አባባ ቆመው ሰሙኝ። ከዚያ ገቡና ማሲንቆውን ራቁቱን፣ ያለ ትራስ ልብሱ ይዘው ወጡ፤ በሩን ክፍት ትተው አጠገቤ ደረጃው ላይ ተቀመጡ።

ከታች የእናቴ ጫማ ድምፅ መጣ። አንደኛው ፎቅ መታጠፊያ ላይ ቆማ፣ የኮንሰርት ቀሚሷን እንደለበሰች፣ ወደ ላይ አንጋጠጠች።

«ሞሪያ! ምን እያደረግሽ ነው? ሰው ይሰማል!»

አባባ ቀስታቸውን አንስተው እኔን ጠበቁ።

«ይስማ!» አልኩና ግጥሙን ከመጀመሪያው ጀመርኩት።